385 ቤት ስንት ቤት ነው?

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ወሬያችን ስለ አንድ ቁጥር ነው። ጎጃም ገጠር ላይ የተሠራ የማስተርስ ጥናት አንሥታችሁ ምዕራፍ 3ን ብትገልጡ አታጡትም፤ የናሙናው መጠን፣ ማለትም የሚጠየቀው ቤት ብዛት፣ 385።

እሷ፦ ወይ 384። ከነጥብ በኋላ ያለችውን ወደ ላይ ያነሣ 385 ይላል፣ የተዋት 384።

እሱ፦ አመጣጡን ቶሎ እንበለው። 1.96 በራሱ ይባዛል፣ በ0.5 ይባዛል፣ አሁንም በ0.5፤ ውጤቱ ለ0.05 ስኩዌር ይካፈላል። 384.16። 1.96 የ95 በመቶ እርግጠኝነት ነው፣ 0.5 የሚገመተው ድርሻ፣ 0.05 የስህተት ኅዳጉ፤ ውጤቱ ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት ማለት ነው።

እሷ፦ ያማኔ በሚባለው ሌላ ቀመር የሚሠሩም ብዙ ናቸው። 24,000 አባወራና እማወራ ላለበት ቦታ 394 ይሰጣቸዋል። ዘመዳሞች ናቸው፤ ያማኔ 1.96ን 2 አድርጎ ያጠጋጋዋል። ቀመር በመምረጥ የሚባክነው ጊዜ ይገርመኛል፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

እሱ፦ ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው። የምሥራቅ ጎጃም ቤተሰብ ሁሉ ስም አንድ ከረጢት ገብቶ በዕጣ ይወጣል ይላሉ። አንዱ ስናን ጮቄ ሥር፣ ቀጣዩ ባሶ ሊበን ቆላ፣ ሌላው ደብረ ኤልያስ። እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ማን አለ?

እሷ፦ ማንም የለም። 5 ቀበሌ ይመረጣል፣ ከእያንዳንዱ 77 ቤት ይጠየቃል፣ 385 ሞላ ይባላል። የአንድ ቀበሌ ሰው ግን ዝናቡ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው ማኅበር አንድ፣ የልማት ሠራተኛው አንድ። 20ኛውን ቤት ስትጠይቅ መልሱን ግማሽ በግማሽ ታውቀዋለህ። 77ኛው ጋ ስትደርስ ምን አዲስ ነገር ልትሰማ?

እሱ፦ ያንን መመሳሰል በቁጥር የሚለካው አይሲሲ ነው። 0 ከሆነ ጎረቤታሞች ከሌላው ሰው የበለጠ አይመሳሰሉም፣ 1 ከሆነ የቀበሌው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «ከአስፋልት ስንት ሰዓት ያስሄዳል?» ብለሽ ከጠየቅሽ ወደ 1 ይጠጋል። ዕድሜና ጾታ ላይ ወደ 0 ይወርዳል።

እሷ፦ መካከለኛ እንውሰድ፣ 0.05። ትንሽ ይመስላል አይደል? ዲዛይን ኢፌክቱን፣ ይህ መመሳሰል ናሙናውን ስንት እጥፍ እንደሚያሳንሰው፣ አስላው እስቲ።

እሱ፦ ከአንድ ቀበሌ ከሚጠየቀው ቤት 1 ቀንሶ በአይሲሲው ማባዛት፣ 1 መደመር። 76 ሲባዛ በ0.05 ይሆናል 3.8፤ 1 ሲጨመር 4.8።

እሷ፦ 385 ለ4.8 ሲካፈል 80። 385 ቤት ደክመህ ጠይቀህ፣ የያዝከው መረጃ በዕጣ ከተወሰዱ 80 ቤቶች አይበልጥም። 5 በመቶ ያልከው የስህተት ኅዳግ 11 በመቶ ሆነ።

እሱ፦ 11 ራሱ ቸርነት ነው። 1.96 የሚሠራው ቀበሌው ሲበዛ ነው። በ5 ቀበሌ የነጻነት ዲግሪው፣ ከቀበሌው ብዛት 1 ሲቀነስ፣ 4 ብቻ ስለሆነ በ1.96 ፈንታ ለጥቂት ናሙና የሚያገለግለው የቲ ሠንጠረዥ 2.776 ይላል። በሱ ስናሰላው 15.5 በመቶ ይደርሳል። «60 በመቶው ብድር ወስዷል» ያለ ጥናት፣ ከ45 እስከ 75 መካከል አንዱ ነው እያለ ነው።

እሷ፦ ይህን ሲሰማ ብዙው ሰው «ቤት ልጨምር» ይላል። አይረዳውም። እዚያው 5 ቀበሌ ውስጥ 1,000 ቤት ብትጠይቅ ከ91 አትዘልም። ቀበሌውን በሙሉ፣ ቤት ሳይቀር ብትጠይቅም ጣሪያው 5 ለ0.05 ሲካፈል ነው፤ 100።

እሱ፦ መጨመር ያለበት ቀበሌው ነዋ። ያንኑ 384 ቤት በ32 ቀበሌ፣ 12 12 ብናደርገው ዲዛይን ኢፌክቱ ወደ 1.55 ይወርዳል፣ ኅዳጉ 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። የጠየቅነው ቤት አልጨመረም። 5 በመቶ ካልሆነ ለሚል ደግሞ 385 ሲባዛ በ1.55፣ 597፤ 50 ቀበሌ ከየቀበሌው 12 ቤት።

እሷ፦ 50 ቀበሌ ሲባል የመኪናው ወጪ ያስደነግጣል። አስላው እንጂ አትደንግጥ። ወደ አንድ ቀበሌ መግባት ብቻውን፣ ነዳጁ፣ አስፈቃዱ፣ መንገድ መሪው፣ የ10 መጠይቅ ወጪ ይፈጃል እንበል። 10ን በ0.95 አባዝተህ ለ0.05 አካፍለው፣ 190 ይመጣል። ካሬ ሥሩን ስታወጣ ወደ 14 ቤት። ከዚያ በላይ አንድ ቀበሌ ላይ መቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። መጠይቁ 45 ደቂቃ ከሆነ አንድ ሰው በቀን 6 ቤት ይሠራል፤ ሁለት መረጃ ሰብሳቢ 12ቱን በአንድ ቀን ጨርሶ ይወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ 645 የቆጠራ ቦታ ወስዶ ከእያንዳንዱ 28 ቤት ነበር የመረጠው።

እሱ፦ ቀበሌው እንዴት ይመረጥ? «ለመንገድ ይመቻል» ተብሎ ከሆነ ያ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው።

እሷ፦ ወረቀት ያዙ። ቀበሌዎቹን ከነቤት ብዛታቸው ጻፉና እየደመራችሁ ውረዱ። የመጀመሪያው 850፤ ሁለተኛው 1,210፣ ድምሩ 2,060፤ ሦስተኛው 1,400፣ 3,460። መጨረሻ ላይ 24,000 መጣ፣ የምትፈልጉት 12 ቀበሌ ነው እንበል፤ 24,000 ለ12 ሲካፈል ርቀቱ 2,000 ሆነ። ከ1 እስከ 2,000 ዕጣ አውጡ። 730 ወጣ እንበል። 730 ያለው አንደኛው ቀበሌ ውስጥ ስለሆነ ተመረጠ። 2,730 ሦስተኛው ውስጥ ነው። ሁለተኛው ተዘለለ። 4,730 እያላችሁ ቀጥሉ። ትልቁ ቀበሌ የመመረጥ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከየቀበሌው እኩል ቤት ስትወስዱ ግን የእያንዳንዱ ቤት ዕድል እኩል ይሆናል።

እሱ፦ የዝርዝሩ ነገር ግን ሁሌም ያነክሳል። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ነው የተደረገው፤ ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎጆ ወጥቷል። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስትሄጂ የሚሰጥሽ ደግሞ የመሬት ግብር መዝገቡን ነው። መሬት የሌለው ወጣት፣ እኩል አራሹ፣ ጠላ ሸጣ የምታድረው ሴት እዚያ ላይ የሉም።

እሷ፦ ስለ ድህነት የሚያጠና ሰው በዚያ መዝገብ ሲጀምር ድሃውን ከበሩ ላይ አስወጥቶታል። ስለዚህ በተመረጠው ቀበሌ ጎጥ ለጎጥ ዞሮ መቁጠር ነው። መዝገቡ 850 ብሎ አንተ 1,020 ቤት ካገኘህ፣ ለዚያ ቀበሌ ቤቶች ክብደታቸውን፣ እያንዳንዱ መልስ በስሌቱ ስንት ሆኖ እንደሚቆጠር፣ 1.2 ታደርጋለህ፤ 1,020 ለ850 ማለት ነው።

እሱ፦ ዝግ ቤት ሲያጋጥምስ? መረጃ ሰብሳቢው ዞር ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ማታ ቅጹ ሙሉ ሆኖ ይመጣል።

እሷ፦ ወይ ጉድ! ይህ በቁጥር አይታይም፣ ለዚህም ነው የሚከፋው። ቤቱ ዝግ የሆነው ሰውዬው የቀን ሥራ ስለሚውል ወይም ገበያ ስለሄደ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቤት የሚውል። ሦስት ጊዜ መመለስ፣ በተለያየ ሰዓት። በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን የሚያከብር ገበሬ ሞፈር አይጨብጥም፤ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ቤቱ ታገኘዋለህ። ቀጠሮ ለዚያ ቀን ያዝ። ካልተገኘ አልተገኘም ብሎ መጻፍ ነው። 10 በመቶው አይገኝም ብሎ መጠባበቂያ የሚይዝም 10 በመቶ መጨመር አይደለም፣ ለ0.9 ማካፈል ነው፤ 385 ወደ 428 ይሄዳል።

እሱ፦ ትንተናው ላይም ወጥመድ አለ። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የተለመደውን ሜኑ ከፍተሽ የሁለት ነገሮችን ግንኙነት የሚፈትሸውን ካይ ስኩዌር ካልሽው፣ 385ቱ በዕጣ እንደመጡ ቆጥሮ ይሠራል። ፒ ቫልዩው ያንሳል፣ ውጤቱ አስተማማኝ ነው የሚለው ኮከብም ይበዛል። ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ የሚባለው ክፍል ነው የሚያስፈልገው። ስታታ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ኤስቪዋይሴት በሚለው ትእዛዝ ቀበሌውን፣ ክብደቱንና ስትራታውን ከመጀመሪያው መንገር።

እሷ፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለህ ከፍለህ ከመረጥክ ስትራታህ ያ ነው። ከየክፍሉ ቢያንስ ሁለት ቀበሌ ከሌለ ግን ሶፍትዌሩ ስህተቱን ማስላት አይችልም።

እሱ፦ አንድ ነገር ቀረን። መረጃውን ከ5 ቀበሌ ሰብስቦ የጨረሰ፣ ጥናቱን በመምህራን ፊት የሚከላከልበት ዴፈንስ የደረሰ ተማሪ ምን ያድርግ?

እሷ፦ ርዕሱን ይቀይር። «በምሥራቅ ጎጃም ዞን» የሚለውን አውጥቶ «በ5 ቀበሌዎች» ይበል። የጥናቱ ሕዝብ እነዚያው 5 ቀበሌዎች ከሆኑ ቀበሌው ከብዙዎች በዕጣ የተመረጠ ክላስተር መሆኑ ቀርቶ ሁሉም የሚካተትበት ክፍል፣ ስትራተም፣ ይሆናል። ከየቀበሌው ቤቶቹ ከሙሉ ዝርዝር በዕጣ ወጥተው፣ ቁጥሩም እንደየቀበሌው ስፋት የተደለደለ ከሆነ 385ቱ 385 ናቸው፤ 5 በመቶውንም በድፍረት መጻፍ ይችላል። ስለ ዞኑ ግን አንድም ዐረፍተ ነገር አይኖረውም።

እሱ፦ የውሳኔ ሐሳቡ ውስጥ «የዞኑ ግብርና መምሪያ» የሚለውንም ይሰርዛል ማለት ነው።

እሷ፦ እሱን መጀመሪያ።