መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መኪና

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ሰዓት የሜክሲኮን ትራፊክ ተጋፍቶ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መድረስ ቀላል አይደለምና መጀመሪያ ላመስግናችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ እንዳወራ ጠይቀውኛል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ፤ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ይህን ስል ሰው ሁሉ «ጦር ውስጥ ደግሞ ምን እንስሳ አለ?» ይለኛል። የጦሩ የእንስሳት ሕክምና ኮር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ሲቋቋም ታካሚው ፈረስና በቅሎ ነበር። ዛሬ በብዛት ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ነው። ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ ለእነዚህ ውሾች የተሠራ ትልቅ ሆስፒታል አለ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውሻው ሲቆስል አጠገቡ ያለው ይዞት የሚሄደው ወታደር እንጂ እኔ አይደለሁም። እሱ ዝም ብሎ ካየ የእኔ ማሽን ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የሥራዬ ትልቁ ክፍል ወታደር ማስተማር ነበር።

ምን አስተምር ነበር? ድድ ማየት። የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በጣታችሁ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ። ይነጣል። በ2 ሰከንድ ውስጥ ሮዝ ካልሆነ ደሙ በቅጡ እየዞረ አይደለም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ውሻ እንደ እኛ አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ አንጀቱም ኩላሊቱም አንጎሉም መጎዳት ይጀምራል። ታዲያ ሰው ይደነግጥና መኪና ውስጥ ከቶት ይበራል። ኧረ ተው! መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አራግቡለት፣ ከዚያ መኪና።

ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ ግን ጨጓራው ተጠምዝዞ ይሆናል፣ ይሄ ቀዶ ሕክምና እንጂ ሌላ አይፈልግም። ጦሩ ይህን ስለሚፈራ ትልልቆቹን ውሾች ገና ጤነኛ ሳሉ ጨጓራቸው እንዳይጠመዘዝ ከሆዳቸው ግድግዳ ጋር በስፌት ያያይዝላቸዋል።

እዚህ አዲስ አበባስ? ውሻው አጠገብ ሌሊቱን የሚያድረው ጥበቃው ነው። ባለቤቱ ውሻውን በውድ ገዝቶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሰንሰለት ያስረዋል፣ ጥበቃውን ግን ስለ ውሻው አንድ ነገር የሚነግረው የለም። ይሄ ያናድደኛል። ተማሪዎች፣ ክሊኒክ ስትከፍቱ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ጥሩ፤ ሻይ ጋብዙና ድድ አሳዩዋቸው። ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በነጠላ ጫፍ ማሰርም አስተምሯቸው፣ የሚያስመልስ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ካልሆነ። ድመት ያላቸውን ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳይሰጡ ንገሯቸው፣ አንዷ ፍሬ ትገድላታለች።

አሁን ጥያቄ ከመጀመራችን በፊት እዚያ በር ላይ የተኛችውን ውሻ እዩ። የእብድ ውሻ ክትባቷን ወስዳለች፣ ጸባየኛም ናት። ተራ በተራ ኑና ድዷን ጫን አድርጉ።