ኔት ሲጠፋ ቁጥሩ የት ይሄዳል? ሰርቨርን በኦፕን ቴሌሜትሪ መከታተል

[ስክሪን፦ የድሬዳዋ ካርታ፣ ከዚራ ላይ ቀይ ነጥብ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድሬዳዋ ላይ ሰርቨር የያዘ ሰው ሁለት ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ሙቀትና መብራት። ደግሞ ተያይዘው ነው የሚመጡት። መብራት ይሄዳል። ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ያቆያል፣ ጄኔሬተር ይነሳል። ኤሲው ግን ብዙ ጊዜ በራሱ አይነሳም፤ ሰው መጥቶ ሪሞቱን እስኪጫን ይጠብቃል። ሰዓቱ ከቀኑ 7 ከሆነ ማን ይመጣል? ሱቁ ተዘግቷል፣ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ሰርቨሩ ብቻውን ይቀቀላል።

ሐረር ያላችሁ አትሳቁብን። እናንተ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላችኋል።

ዛሬ የምናየው ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚያሳውቀንን ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኤጀንት ይባላል። ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፒዩው፣ ራሙ፣ ዲስኩና ኔትወርኩ ምን ላይ እንዳሉ ያነባል፣ ያነበበውን ይልካል።

ኤጀንት ሞልቷል። እኔ ክፍት ስታንዳርድ የሚከተለውን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ ዶላር ነው። ዛሬ ዳታውን ውጭ አገር ላለ ድርጅት ትልካላችሁ እንበል። ክፍያው ሲከብድ መቀየር ትፈልጋላችሁ። ኤጀንቱ የዚያው ድርጅት ከሆነ እያንዳንዱን ሰርቨር እየዞራችሁ ነቅላችሁ እንደገና መትከል ነው። ክፍት ከሆነ ግን ኮንፊጉ (የሴቲንግ ፋይሉ) ላይ መላኪያውን መቀየር ይበቃል።

[ስክሪን፦ የኦፕን ቴሌሜትሪ ዓርማ]

ኦፕን ቴሌሜትሪ እንዲህ ያለ ስታንዳርድ ነው። ኦፕን ትሬሲንግና ኦፕን ሴንሰስ የሚባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዋሃዱ ተፈጠረ። ኩበርኔቲስና ፕሮሜቴየስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ባሉበት፣ ክፍት ሶፍትዌሮችን በሚያስተናግደው ድርጅት በሲኤንሲኤፍ ሥር ነው ያለው። ኤጀንቱ ኮሌክተር ይባላል፤ ሲጫን አንድ ፋይል ነው። ዳታውን ኦቲኤልፒ በሚባል ፕሮቶኮል ይልካል፤ ፖርቱ፣ ማለትም ዳታው የሚገባበት የበር ቁጥር፣ ለጂአርፒሲ 4317፣ ለኤችቲቲፒ 4318 ነው፤ ሁለቱም የመላኪያ መንገዶች ናቸው።

ፕሮሜቴየስን፣ ያንን ሌላውን የሰርቨር መከታተያ፣ የምታውቁ «እሱስ ምን አነሰው?» ትሉ ይሆናል። ምንም አላነሰውም። ግን በልማዱ ራሱ መጥቶ ነው ዳታውን የሚወስደው። የድሬው ቢሮ ከራውተር ጀርባ ሆኖ የራሱ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ) ከሌለው፣ አዲስ አበባ ያለው ፕሮሜቴየስ በምን ገብቶ ይወስዳል? ኮሌክተሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚልክ ይህ ጣጣ የለበትም።

[ስክሪን፦ ሦስት ሳጥኖች፣ በቀስት የተያያዙ]

ኮንፊጉ ውስጥ ሦስት ክፍል አለ። ሪሲቨር ያነባል፣ ፕሮሰሰር ያስተካክላል፣ ኤክስፖርተር ይልካል። ለእኛ ሥራ የሚሆነው ሪሲቨር ሆስትሜትሪክስ ይባላል። ሳይነካ ከተተወ በየ1 ደቂቃው ያነባል፤ በቀን 1,440 ጊዜ ማለት ነው። ወደ 10 ሰከንድ ብታወርዱት 8,640 ይሆናል። ኔታችሁ ቀጭን ከሆነ 1 ደቂቃው ይበቃችኋል። ፕሮሰሰሮቹ ላይ የኮሌክተሩን የራም ፍጆታ የሚገድበውን ሚሞሪ ሊሚተርን መጀመሪያ አስቀምጡ። ጠባቂው ራሱ ራም በልቶ ሰርቨሩን ከጣለ ምን ዋጋ አለው?

ሊኑክስ ላይ ቁጥሮቹ የሚመጡት ፕሮክ ከሚባለው ፎልደር ነው። ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ የማሽኑን ሁኔታ እዚያ ያሳያል። አንዳንዱ ቁጥር እንደ ቤታችን የመብራት ቆጣሪ ነው፤ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። የሲፒዩ ሰዓትና በኔትወርክ ያለፈ ባይት እንዲህ ናቸው። ብቻውን ሲታይ ትርጉም የለውም፤ ካለፈው ንባብ ጋር ያለው ልዩነት ነው የሚፈለገው። ዳሽቦርዳችሁ (ግራፎቹ የሚታዩበት ገጽ) ላይ ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ልዩነቱን አስሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ራም።

[ስክሪን፦ የፍሪ ትዕዛዝ ውጤት፣ ሁለት ቁጥር ተከቦ]

ይሄን እዩት። ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ራም አለው። ፍሪ የሚለው 600 ሜጋባይት ብቻ ነው። «አለቀልን፣ ራም ይገዛ» ይባላል። ቆይ፣ ቆይ። ወደ ቀኝ እዩ። አቬይለብል የሚለው 11 ጊጋባይት ነው። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም አይወድም፤ ከዲስክ ያነበበውን እዚያ ያስቀምጥበታል። ፕሮግራም ሲጠይቀው አብዛኛውን ይለቃል። ይህ አቬይለብል የሚባለው ግምት ከከርነል 3.14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከርነሉ ራሱ የሚሰጠው ነው። አለርታችሁን (ችግር ሲኖር የሚጠራችሁን ማስጠንቀቂያ) በእሱ ላይ አድርጉት። በፍሪ ላይ ካደረጋችሁት ሌሊት ሌሊት በከንቱ ይቀሰቅሳችኋል፤ በሳምንቱ ስልኩን ሳይለንት ታደርጉታላችሁ፤ እውነተኛው ችግር የዚያን ዕለት ይመጣል።

ሎድ አቬሬጅም፣ ማለትም የሚሠራውና ተራ የሚጠብቀው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) በአማካይ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር፣ ሰው ያምታታል። 4 ኮር ባለው ማሽን ላይ ሎዱ 8 ሆኖ ሲፒዩው ግን 80 በመቶ ሥራ ፈትቶ ታገኙታላችሁ። ሊኑክስ ዲስክ የሚጠብቀውንም ፕሮሰስ ሎድ ውስጥ ይቆጥራል። እንግዲህ ዲስኩን ፈትሹ። ዲስክ ካልን አይቀር፣ በመቶኛው ብቻ አትተማመኑ፤ ጥቃቅን ፋይል ሲበዛ ቦታ እያለ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያዘው መዝገብ) ያልቃል፣ ሰርቨሩም «ቦታ የለም» ይላችኋል። ሆስትሜትሪክስ ሁለቱንም ያነባል።

ወደ ሙቀቱ ስንመለስ፣ ለእሱ የሚቀለው ኖድ ኤክስፖርተር የሚባለውን የፕሮሜቴየስ ፕሮግራም ጎን ለጎን መጫን ነው። ፖርት 9100 ላይ የሴንሰሮቹን ንባብ ያወጣል። ኮሌክተሩ ደግሞ በፕሮሜቴየስ ሪሲቨሩ ከዚያ ይወስደዋል። ለድሬ የምመክረው፣ ሙቀቱ ስንት ደረሰ ከማለት በ15 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጨመረ ብላችሁ አለርት አድርጉ። ኤሲው መጥፋቱ የሚታወቀው በአወጣጡ ፍጥነት ነው። አንድ ነገር ደግሞ፤ ኮሌክተሩ በዳታው ላይ ሰዓት የሚመዘግበው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ዳታው ላይ በዩቲሲ 10:00 ካያችሁ እዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከጥበቃው ጋር በስልክ ስታወሩ «10 ሰዓት ላይ ምን ሆነ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁት።

[ስክሪን፦ ግራፍ፣ መሃሉ የተቆረጠ]

እና ኔት ሲጠፋስ? ኮሌክተሩ መላክ ሲያቅተው ደጋግሞ ይሞክራል። ሳይነካ ከተተወ ግን ለ5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዳታውን ይጥለዋል። 5 ደቂቃ! እዚህ አገር የኔት መቆራረጥ 5 ደቂቃ ብቻ ከሆነማ ስለት እናስገባለን። ማክስ ኢላፕስድ ታይም የሚለውን 0 አድርጉት፣ ተስፋ ሳይቆርጥ ይሞክራል። ይህ ብቻውን አይበቃም። የሚጠብቀው ዳታ ያለው ራም ላይ ስለሆነ፣ መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፋይል ስቶሬጅ የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጨምሩና ወረፋውን ዲስክ ላይ አስቀምጡት። የወረፋውንም መጠን ከፍ አድርጉ፤ ሲሞላ አዲስ የሚመጣውን አይቀበልም።

ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ግን የትኛውም ኤጀንት ጠፍቻለሁ ብሎ አይናገርም። ስለዚህ በወዲያኛው በኩል፣ ዳታው በሚደርስበት ቦታ፣ «ከዚህ ሰርቨር ለ5 ደቂቃ ምንም ካልመጣ ጥራኝ» የሚል አለርት ይኑር። ከዘረዘርኩት ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው።

[ስክሪን፦ የኔትወርክ ገመድ ከራውተር ሲነቀል]

ተክላችሁ ስትጨርሱ ኮንፊጉን ቫሊዴት በሚለው ትዕዛዝ አስፈትሹት፤ ኮንፊጉ በሚጻፍበት በያምል ላይ አንድ ስፔስ ስትዛነፍ ነገሩ ይበላሻል። ከዚያ የኔቱን ገመድ ንቀሉና ሻይ ጠጥታችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። አለርቱ ስልካችሁ ላይ መድረስ ነበረበት። ገመዱን መልሳችሁ ስትሰኩ ደግሞ የግራፉ ክፍተት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሞላት አለበት። ካልተሞላ ፖርት 8888ን ክፈቱ። ኮሌክተሩ የራሱን ሁኔታ እዚያ ያወጣል፤ የወረፋውን ርዝመትና መላክ ያቃተውን ብዛት ታገኙታላችሁ።