ሜተዱን ከፈል አድርጉትማ!

ሰላም ሰላም! የደሴ ብርድ ሳያደርቀኝ ቶሎ ልግባበት። የዛሬው ነገራችን ጃቫ ኮድ እንዲፈጥን ትልቅ ሜተድን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭን፣ ስለ መክፈል ነው።

እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ አላችሁ እንበል። መጋዘናችሁ ግን ኮምቦልቻ ነው። ደንበኛ መጥቶ አንድ ኪሎ ስኳር ሲል የሐረጎን ተራራ ትወርዳላችሁ። ስኳሯን ይዛችሁ ሐረጎን ትወጣላችሁ። ለአንድ ኪሎ! ጭጋጉን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሌላ ደንበኛ መጣ፤ አሁንም ሐረጎ። ምን ይሻላል? ስኳሩን ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥ ነዋ። ኢንላይኒንግ ይኸው ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር፣ ተጠሪውን ሜተድ ጠሪው ሜተድ ውስጥ ይከተዋል፣ ምልልሱ ይቀራል።

ግን ስኳሩ ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ጋር በአንድ ገመድ ቢታሰርስ? ቆርቆሮ የሚጠይቅ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ሱቁ ደግሞ አይችለውም። በቆርቆሮው ጦስ ስኳሩም ኮምቦልቻ ቀረ! ገመዱን ፍቱት። ስኳሩ ይምጣ፣ ቆርቆሮው እዚያው ይክረም።

ወደ ጃቫ። ጃቫን የሚያስኬደው የሆትስፖት ገደብ በነባሪው 35 ባይት ባይትኮድ (የጃቫ ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው) ነው፤ ተደጋግሞ ለሚጠራ ሜተድ ባብዛኛው ማሽን ላይ 325። ካለፈ አይገባም። ስለዚህ ሁሌ የሚሮጠውን አጭር መንገድ እዚያው ተዉት፤ ስህተት አያያዙን፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ጣጣ ሌላ ሜተድ ውስጥ አውጡት። አለቀ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እስከዚህ ሰምታችሁ ዝም? ኧረ ተዉ!

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። «ኮዱ ውስጥ የጻፍኩትን ኮሜንት (ማስታወሻ) ባጠፋ፣ የቫሪያብል ስም ባሳጥር ሜተዱ ያንሳል?» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አያንስም! የሚቆጠረው ባይትኮድ ነው እንጂ መስመር አይደለም። ኮሜንት ኮምፓይል ሲደረግ ይጠፋል። ባዶ መስመርም ይጠፋል። የስም ርዝመትም ቆጠራው ውስጥ የለም። እና ኮሜንቱን አታጥፉብን፣ ነገ ኮዱን የሚያነበው ሰው ምን በደለ? ጉዱ ያለው አሰርት፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ የምንከተው የማረጋገጫ መስመር ላይ ነው። ሲሮጥ ተዘግቶም እንኳ ባይትኮዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆጠራል። ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ደግሞ 325 ሰማን ብላችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ እንዳትከታትፉ። እምብዛም የማይጠራ ኮድን መቁረጥ ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ የሆትስፖትን የምርመራ ኦፕሽኖች ከፍታችሁ፣ የትኛው ሜተድ እንደገባ የትኛው እንደቀረ የሚያሳየውን ፕሪንት ኢንላይኒንግን አስነሱ። «ሆት ሜተድ ቱ ቢግ» (ብዙ የሚጠራው ሜተድ ከልክ በላይ ትልቅ ነው) ካላችሁ፣ መቀሱ እዚያ ላይ ይረፍ።

ከ8000 ባይት ያለፈ ሜተድማ በነባሪው ጭራሽ በጂት (ፕሮግራሙ እየሮጠ በሚሠራው ኮምፓይለር) ኮምፓይል አይደረግም፤ ባይትኮዱን አንድ በአንድ እያነበበ በሚያስኬደው ኢንተርፕሪተር ሲንፏቀቅ ይኖራል። እንዲህ ያለ ጉድ የገጠመው ካለ ከታች ይጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አብረን እንበታትነዋለን።