ማሽን ሲሳሳት፦ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ማሰብ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ዛሬ የማነሣው ለረጅም ጊዜ ሲያመላልሰኝ የቆየ ጥያቄ ነው፦ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ? ጥያቄው በደፈናው ሲነሣ መያዣ መጨበጫ ስለማይኖረው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከጅምሩ ራሱን በፈተነበት መስክ፣ ማለትም በጨዋታ በኩል ላየው ወድጃለሁ። ቼዝ፣ ዳማ፣ ጎ (በጥቁርና በነጭ ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት የምሥራቅ እስያ ጨዋታ) እና የመሳሰሉት ጨዋታዎች ሕጋቸው የታወቀ፣ አሸናፊያቸውም የማያከራክር በመሆኑ፣ ስለ ማሰብ የሚደረገው ሙግት ቢያንስ አንድ እግሩን መሬት ላይ እንዲያሳርፍ ያስገድዱታል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት መልሶች ቶሎ ቶሎ ሲሰጡ እሰማለሁ። አንደኛው «የዓለምን ሻምፒዮን ያሸነፈ ነገር አያስብም ማለት እንዴት ይቻላል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ማሽኑ ያሰላል እንጂ አያስብም» ይላል። ሁለቱም ዐይናቸውን የጣሉት በድሉ ላይ ነው፤ አንዱ ድሉን እንደ ማስረጃ ሲያቀርበው ሌላው ያጣጥለዋል። እኔ ግን ስለ ማሽን አስተሳሰብ ከድሉ ይልቅ ስሕተቱ ብዙ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። ትክክለኛ መልስ ላይ በስሌት፣ በማስታወስ፣ በመረዳት፣ አንዳንዴም በአጋጣሚ መድረስ ስለሚቻል፣ መልሱን ብቻ ያየ ሰው በየትኛው መንገድ እንደተገኘ ሊያውቅ አይችልም። የተሳሳተውን መልስ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው ግን፣ መልስ ሰጪው የቱ ጋ እንደሳተና ነገሩን በምን መልኩ ይዞት እንደነበር ብዙ ጊዜ ሊደርስበት ይችላል።

ከ1770 ልጀምር፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን የተባለ ሰው በቪየና በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ቤተ መንግሥት ቼዝ የሚጫወት ማሽን አቀረበ። ከትልቅ ሣጥን ኋላ የተቀመጠ፣ የቱርክ ልብስ የለበሰ ምስል ነበር። ብዙ ሰዎችን አሸነፈ፤ ናፖሊዮን ቦናፓርት ሳይቀር በ1809 ገጥሞት ተሸነፈ። ምስጢሩ በሣጥኑ ውስጥ የተደበቀው ጎበዝ ቼዝ ተጫዋች ነበር። እንግዲህ የማሰብ ምልክት ናቸው የተባሉት እርምጃዎች በእርግጥም የማሰብ ውጤት ነበሩ፤ የሐሰቱ ነገር የአሳቢው ማንነት ብቻ ነበር።

የዚህን ታሪክ ተቃራኒ በ1952 እናገኘዋለን። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ከዴቪድ ቻምፐርናውን ጋር ሆኖ የቼዝ ፕሮግራም ነድፎ ነበር፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን ሊያስኬድ የሚችል ኮምፒውተር በእጁ አልነበረም። ስለዚህ ቱሪንግ ራሱ እንደ ኮምፒውተር ሆኖ፣ የጻፋቸውን መመሪያዎች በወረቀትና በእርሳስ አንድ በአንድ እየተከተለ፣ አሊክ ግሌኒ ከተባለ የሙያ ባልደረባው ጋር ተጫወተ። እያንዳንዱን እርምጃ ለማስላት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ተሸነፈ። በዚያ ሰሌዳ ፊት የተቀመጠው በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ አእምሮዎች አንዱ ነበር፤ ስሕተቱ ግን የእርሱ ሳይሆን የመመሪያው ነበር። ቱሪንግ የተሻለ እርምጃ ቢታየው እንኳ መመሪያው ካላዘዘው ሊጠቀምበት አይችልም። ሰው በውስጡ ስላለ ብቻ አንድ ሥርዓት ያስባል ማለት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አጋጣሚ አላውቅም። ፈላስፋው ጆን ሰርል በ1980 ያቀረበው ዝነኛ ምሳሌም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነው፤ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የፊደላቱን ቅርጽ ብቻ በመመሪያ እያዛመደ ለቻይንኛ ጥያቄዎች የተስተካከለ መልስ ቢሰጥ፣ ቋንቋውን ተረድቷል ሊባል አይችልም ሲል ሰርል ተከራክሯል።

ቱሪንግ ራሱ ግን ከዚህ የተለየ አቋም ነበረው። በ1950 «ማይንድ» በተባለው የፍልስፍና መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ማሽኖች ማሰብ ይችላሉ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ካነሣ በኋላ፣ ማሰብ ምን ማለት ነው እያለ በብያኔ ከመድከም ይልቅ ጥያቄውን በጨዋታ ተካው። አንድ ጠያቂ ከማያያቸው ከአንድ ሰውና ከአንድ ማሽን ጋር በጽሑፍ ይነጋገራል፤ የትኛው ማሽን እንደሆነ መለየትም ይጠበቅበታል። እኔን የሚገርመኝ ቱሪንግ ለምሳሌ ያህል የጻፈው ምልልስ ነው። ጠያቂው 34,957ን ከ70,764 ጋር ደምርልኝ ይላል፤ ተጠያቂው 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ 105,621 ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው ድምር 105,721 ነው። ልብ በሉልኝ፣ ስሕተቱ እንዲሁ የተወረወረ ቁጥር አይደለም፤ ከዐሥር ቤት ወደ መቶ ቤት መሻገር የነበረበትን አንድ የረሳ ሰው የሚያገኘው መልስ በትክክል ይኸው ነው። ቱሪንግ እዚያው ቦታ ላይ ስለዚህ ምንም አይልም፤ ወደ ኋላ ገደማ ግን ማሽኑ ጠያቂውን ለማደናገር ሆነ ብሎ ስሕተት ሊያስገባ እንደሚችል ይጽፋል። አንድን ተጠያቂ ሰው ነው የሚያሰኘው የአሳሳቱ ዓይነት ጭምር መሆኑን በዚያ አጭር ምልልስ ውስጥ አስቀምጦልን አልፏል ብዬ አምናለሁ።

በግንቦት 1997 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ በአይቢኤም ኮምፒውተር በዲፕ ብሉ 3.5 ለ2.5 ሲሸነፍ፣ ማሽኑ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል የሰሌዳ አቋሞችን ይመረምር ነበር። ይህ አኃዝ ብዙ ስለተወራለት እኔ አልቆይበትም። ከዚያ ግጥሚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ካስፓሮቭ ተሸንፌያለሁ ብሎ እጅ የሰጠበት አቋም፣ በኋላ በተደረገ ትንተና፣ እኩል ሊወጣበት የሚችል ሆኖ ተገኘ። የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ማሽኑ ማምለጫ ቀዳዳ ሳይደፍን አይተውም ብሎ አምኖ ቀዳዳውን ሳይፈልግ የቀረ ይመስለኛል። ማሽን ያስባል ብሎ መገመት በራሱ የሰውን ውሳኔ ሊቀይር እንደሚችል ያየሁት ከዚህ ጨዋታ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሽኖች በቁጥር ብዛት ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። በመጋቢት 2016 ሴኡል ውስጥ አልፋጎ የተባለው የዲፕማይንድ ኩባንያ ፕሮግራም የጎ ጨዋታን ታላቅ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ሲያሸንፍ፣ የጎ አቋሞች ተቆጥረው ስለማያልቁ፣ የትኛው እርምጃ መመርመር እንዳለበት የሚመርጠው ከብዙ ጨዋታዎች በተማረ የነርቭ መረብ (የአንጎልን አሠራር በመጠኑ በሚመስል፣ ከምሳሌዎች በሚማር ፕሮግራም) ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ ያደረገው 37ኛው እርምጃ የዓለምን ባለሙያዎች አስደነገጠ፤ ፕሮግራሙ ራሱ አንድ ሰው ያንን እርምጃ የመምረጡን ዕድል ከ10,000 አንድ አድርጎ ገምቶት ነበር። ስለዚህ እርምጃ ውበት ብዙ ተብሏል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ አራተኛው ጨዋታ ነው። ሊ ሴዶል በ78ኛው እርምጃ ማሽኑ ያልጠበቀውን ቦታ ያዘ። አልፋጎ በ79ኛው እርምጃ ሲሳሳት መሳሳቱን አላወቀም፤ ግምቱ የተገለበጠው 87ኛው እርምጃ አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ የተከተሉት እርምጃዎች ጀማሪ እንኳ የሚያፍርባቸው ነበሩ። በሽንፈት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ጨዋታውን ያወሳስባል፣ ተቃዋሚው የሚደክምበትንና የሚጠራጠርበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ፊት ለፊቱ ሌላ አእምሮ እንዳለ ያውቃልና። አልፋጎ ግን ሰሌዳውን እንጂ ከሰሌዳው ማዶ የተቀመጠውን ሰው አያውቀውም ነበር።

የ2023ቱ ዜና ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነው። ኬሊን ፔልሪን የተባለ አማተር የጎ ተጫዋች ካታጎ የተባለውን፣ ከታላላቅ ሰዎች ሁሉ የሚበልጥ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ በ14ቱ አሸነፈ፤ በጨዋታዎቹ ወቅት የኮምፒውተር እርዳታ አልነበረውም። ዘዴውን አስቀድሞ ያገኘው የካታጎን ድክመት ለማሰስ የተዘጋጀ ሌላ ፕሮግራም ነበር። በጎ ጨዋታ የተከበቡ ጠጠሮች መተንፈሻ ካጡ ይማረካሉ። ፔልሪን በሰሌዳው ማዕዘኖች የማሽኑን ትኩረት እየሳበ፣ በዝግታ አንድን የጠጠር ቡድን በትልቅ ቀለበት ይከብ ነበር፤ ቀለበቱ ሊገጥም እንደተቃረበ እንኳ ማሽኑ አደጋውን አላየም። ጨዋታውን በወጉ የተማረ ሰው ይህን ለማየት አይቸገርም። የተከበበ ነገር እንደሚማረክ የተረዳ ሰው፣ ክቡ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ የተለመደም ሆነ ታይቶ የማይታወቅ፣ ሐሳቡን ወደዚያ ማሸጋገር ይችላል። ካታጎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን ከራሱ ጋር ተጫውቶ፣ መከበብን በሚያስገርም ብቃት ይዳኛል፤ ነገር ግን የያዘው ዕውቀት በተለማመዳቸው ቅርጾች ላይ የተንጠለጠለ እንደነበር ያ ቀለበት አጋለጠው።

እዚህ ላይ ቆሜ ማሽን አያስብም ብዬ ልደመድም እችል ነበር፤ የማላደርገው ሌላ ውሃ የሚያነሣ ማስረጃ ስላለ ነው። ኬኔት ሊና ባልደረቦቹ አንድን የቋንቋ ሞዴል ዓይነት (ማለትም ቀጣዩን ቃል እየተነበየ ጽሑፍ እንደሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች ያለ) የነርቭ መረብ ኦቴሎ በተባለው የሁለት ሰዎች የሰሌዳ ጨዋታ አሠለጠኑ። መረቡ ሰሌዳ አልታየውም፣ ሕግም አልተነገረውም፤ የተሰጠው የእርምጃዎች ዝርዝር ብቻ ሲሆን፣ ሥራው ቀጣዩን እርምጃ መተንበይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ውስጡን ሲመረምሩ ግን የ64ቱን ቤቶች ሁኔታ የሚወክል ሥዕል አገኙ። ያንን ውስጣዊ ሥዕል በእጃቸው ሲቀይሩትም፣ መረቡ በተቀየረው ሰሌዳ ላይ የሚፈቀዱትን እርምጃዎች መተንበይ ጀመረ። ይህ ሥዕል እንዲያው የተገኘ ጌጥ ሳይሆን መረቡ የሚሠራበት ዕቃ ነው ማለት ነው። ፊደል ብቻ ያዛምዳል ለሚለው የሰርል ዓይነት ክርክር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ከዝርዝሩ ጀርባ ያለውን ያልታየውን ዓለም ገንብቶ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ መመለስ፣ ሰው ቢያደርገው ማሰብ ብለን ለመጥራት አናመነታም ነበር።

ስለዚህ እኔ ዛሬ ብጠየቅ፣ በሰሌዳው ወሰን ውስጥ ማሽኖች ያስባሉ እላለሁ፤ ይህን የምለውም ቃሉን ለማላላት ሳይሆን፣ የኦቴሎውን ሥዕል ሌላ ስም ልሰጠው ስላልቻልኩ ነው። የሚጎድላቸው የሚመስለኝ የራሳቸውን ሥዕል መጠራጠር ነው። ሰውም በእርግጥ ይታለላል፤ ዐይናችን እኩል የሆኑ መስመሮችን አስረዝሞና አሳጥሮ ያሳየናል። ነገር ግን መታለላችን ሲነገረን ማስመሪያ አንሥተን እንለካለን፣ ከዚያም ዐይናችን እያየው እንኳ አናምነውም። ካታጎ ሲሸነፍ እንዲህ ያለ ነገር አልታየበትም፤ ደጋግሞ በተመሳሳይ ዘዴ ሲሸነፍ፣ በኋለኞቹ ጨዋታዎች ላይ ከመጀመሪያው የተለየ ጥንቃቄ አላደረገም፤ በጨዋታና በጨዋታ መካከል የሚማርበት መንገድ አልተሠራለትምና።

ይህ የአሠራር ጉድለት ብቻ ነው፣ ነገ ይስተካከላል የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ካታጎን ከእነዚህ ጥቃቶች ጋር ደጋግመው አለማምደውታል፤ የተለየ ቅርጽ ያለው የነርቭ መረብም ሠርተው ሞክረዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ጥቃት ሲመከት፣ አዲስ የተሠለጠነ አጥቂ ሌላ የማሸነፊያ መንገድ አገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት በጉጉት የምከታተለውም ይህንኑ ነው፦ አንድ ቀን ማሽኑ፣ ማንም ያላለማመደውን ቀለበት ገና በግማሹ ሳለ አይቶ ይሰብረው እንደሆነ።