ድንቢጧ እግር ላይ ያለው እብጠት

የተከበራችሁ የገፈርሳ ነዋሪዎች፣ ካሜራ አንግታችሁ ግድቡን የምትዞሩ ወጣቶች፣ እንደምን አላችሁ?

ሰሞኑን ፎቶ እያሳያችሁ «ዶክተር፣ ይቺን ድንቢጥ ምን ነካት?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እግሯ ላይ ሽንብራ የሚያክል እብጠት አለ። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንድ ጣቷም ቆልመም ብሏል። ብዙዎቻችሁ «ፈንጣጣ ነው» ብላችኋል። ሊሆን ይችላል። በፎቶ ብቻ ግን አልፈርምበትም።

የወፍ ፈንጣጣ ላባ የሌለበትን ቦታ ይወዳል፤ እግርን፣ የዓይን ቆብን፣ የመንቆር ሥርን። አፍና ጉሮሮ ውስጥ የሚወጣም አለ። እሱ የባሰ ነው፤ መብላትና መተንፈስ ያስቸግራል፣ ከሩቅም አይታይም። ቫይረሱን ትንኝ ታዛምተዋለች። ከታመመ ወፍ የረገፈ ቅርፊትም ያስተላልፋል።

ችግሩ አስመሳዩ መብዛቱ ነው። የእግር ቆዳ ውስጥ ገብታ የምታሻክር ጥቃቅን የእከክ ተባይ አለች። መዥገር አለ፣ ኪንታሮት አለ፣ የቆየ ቁስልም አለ። የሚለየው ላብራቶሪ ነው።

ቅርፊቱ ሲደርሰን ለሁለት እንከፍለዋለን። አንዱ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ኬሚካል፣ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የተነፉ የቆዳ ሴሎችና በውስጣቸው ቦሊንገር የሚባሉትን፣ ቫይረሱ የሚከማችባቸውን ጥቃቅን እብጥታዎች ካየን ፈንጣጣ ነው። ሌላው በቅዝቃዜ ይቆይና የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ፣ በፒሲአር ይመረመራል። ፎርማሊን ዘረመሉን ስለሚያበላሽ፣ እባካችሁ ሁሉንም ዘፍቃችሁ አታምጡልኝ! ዘረመሉ ሲነበብ ቫይረሱ ከዶሮው ፈንጣጣ ወገን ይሁን ካናሪ ከምትባለው ትንሽ ወፍ ፈንጣጣ ወገን ይታወቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰፈሩ ዶሮ አርቢዎች ከወዲሁ እየተወቀሱ ነው። ውጤት ሳይመጣ ጣት መቀሰር አይዋጥልኝም።

አባቶችና እናቶች «ፈንጣጣ» ሲባል ብትደነግጡ አይፈረድባችሁም። አገራችን የሰውን ፈንጣጣ የተሰናበተችው በ1968 ዓ.ም. ነው። የወፉ ግን ሌላ ቫይረስ ነው፤ ሰው አያሳምምም።

ለዶሮ ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለዱር ወፍ ክትባት የምንሰጥበት መንገድ የለንም። ስለዚህ ለወፎች ውሃ የምታስቀምጡ ዕቃውን ቶሎ ቶሎ እጠቡ። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩልን። የታመመ ካያችሁ እግሩን፣ ዓይኑንና መንቆሩን ቀረብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ከሳምንታት በኋላ ቅርፊቱ ረግፎ ድኖ ብታገኙትም ንገሩኝ፤ ብዙዎቹ ይድናሉ፣ እኛ ጋ የሚመጣው ወሬ ግን የሞቱት ብቻ ነው።

አሁን ፎቶ ያላችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ።