«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጥያቄዎቻችሁ

ሠፈራችሁን በሬዲዮ ስለማደራጀት ከከተማው ዳር ደውላችሁ ከጠየቃችሁኝ መካከል እነዚህን መልሻለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ዕድራችን የራሱን ኤፍኤም ጣቢያ መክፈት ይችላል?

ይህን በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ በአዋጅ ቁጥር 533/1999 በሕግ ታውቋል፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ለትርፍ አይቋቋምም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ከገበያ የገዛችሁትን ማሠራጫ እንዳትሰቅሉ። ኤፍኤም 108 ሜጋኸርዝ ላይ ሲያበቃ የአውሮፕላኖች ሞገድ ከዚያው ይቀጥላል፤ ጥራት የሌለው ማሠራጫ እዚያ ገብቶ ይረብሻል። መጀመሪያ ሥራ ላይ ካለ ጣቢያ የግማሽ ሰዓት የአየር ጊዜ ጠይቁና ስድስት ወር ሳታቋርጡ ሥሩ። እሱ ከከበዳችሁ ጣቢያውማ ይብሳል።

ከሱሉልታ፦ የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ለምን ይቆራረጡብናል?

እንጦጦ መሀል ላይ ቆሞ ነው። ኤፍኤም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ አያልፍም።

ከየካ አባዶ፦ ስለ ውኃ ችግራችን በሬዲዮ ተናገርን። ስብሰባ ስንጠራ ግን 6 ሰው ብቻ መጣ።

የዕድር ጥሩምባ ነፊ «ሰው ሞቷል» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። እናንተ «እንተባበር» ብላችሁ ወጣችሁ። «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከብሎኩ ጓሮ፣ ውኃ የመጣበትን ቀን ጽፋችሁ ኑ» በሉ። በማውቀው አንድ ሠፈር እናቶች በልጆቻቸው ደብተር ላይ ውኃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሞላውን ጄሪካን ብዛት ጭምር ሁለት ወር ሙሉ ጻፉ። አንዱ ገጽ ላይ ወጥ ፈሶበት ነበር፤ እሱንም በአየር ላይ አነበቡት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተወካይ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሰማ፣ ቀን ቆርጦ ሰጠ። ቀኑ ሲደርስ በአየር ላይ መልሰው ደወሉለት። ያዩትን ስለጻፉ ነው የተሰሙት።

ከሀና ማርያም፦ በቀጥታ ስርጭት ላይ አድማጭ ደውሎ «ልጅ የሚሰርቅ መኪና ገብቷል» ቢል ወዲያው ማሳወቅ ሕይወት ማዳን አይደለም?

አይደለም ልጄ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው የደረሰውን ስላየሁ ነው። በወጣትነቴ በሠራሁበት ጣቢያ አንድ ሰው ደውሎ «ነጭ ሚኒባስ ሕፃናት ጭኖ እየሄደ ነው» አለ፤ ሰሌዳውንም ጠራ። አቅራቢው ሳያጣራ ደገመው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎረምሶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ሾፌሩን አውርደው ደበደቡት። የጫናቸው የገዛ ልጆቹንና የእህቱን ልጆች ነበር፤ ከክርስትና እየተመለሱ። በማግሥቱ ትንሿ ልጁ እናቷ ቀሚስ ላይ ተጣብቃ ጣቢያው በር ላይ ቆማ አየኋት። አባቷ ተርፏል፤ የግራ ዓይኑ ግን ጠፋ። ደዋዩን ስናገኘው «እኔም ከሰው ሰምቼ ነው» አለ። ያን ቀን የድምፅ ማስተካከያው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ መስመሩን መዝጋት እችል ነበር፤ አልዘጋሁም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ ሚል ኮሊን የተባለው ጣቢያ የሰው ስምና የመኪና ሰሌዳ እየጠራ ሰው አስገድሏል። ስለዚህ ደዋዩን ከአየር አውጡትና ጠይቁት፦ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ሰምቶ ከሆነ ከማን? አይቻለሁ ካለም ለፖሊስ ደውሉ እንጂ ወሬውን አየር ላይ አትልቀቁት። ሰሌዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ብሔር በአየር ላይ አይጠራም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጨውን በሕግ ተጠያቂ ያደርጋል፤ እኔን ግን ከሕጉ በላይ የምታስጨንቀኝ ያቺ ልጅ ናት። ደዋዩ ጎረቤታችሁ ቢሆን፣ የዕድር ዳኛ ቢሆን፣ ቢያለቅስም ጠይቁት።

ከጀሞ፦ የሠፈሩን መዋጮ በእኔ ቴሌብር ብንሰበስብስ?

አይሆንም እናቴ። በዕድሩ ስም፣ በባንክ፣ በሦስት ሰው ፊርማ። «ገብቷል አሉ» አይሠራም፤ ደረሰኙን አይታችሁ አንብቡ። ሒሳቡን የሒሳብ ባለሙያ ይይላችሁ።

ቦታዋን ያልተናገረች እህት፦ ባለቤቴ ይደበድበኛል። ሌሎች ሴቶች እንዲነሱ ስሜን ሳልጠራ በአየር ላይ ልናገር?

እህቴ፣ ስምሽን ብትደብቂም ድምፅሽን ያውቀዋል፤ ማታ ደግሞ የምታድሪው እሱ ቤት ነው። አሁን ማይክሮፎኑ ይቆይ። የምታምኛትን ሰው ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። ጤና ጣቢያ ታይተሽ የሕክምና ማስረጃ ያዢ፤ ከዚያ የሕግ ባለሙያ አነጋግሪ። ዛሬውኑ ሂጂ።