ሣሩ ላይ ገመድ አይወጠርም፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ከክረምት ወደ በጋ በሰላም አሸጋገራችሁ። እንኳን ለመስቀል በዓልም አደረሳችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ገና በጠዋቱ ወንበር ለደረደራችሁ፣ ቡና እያፈላችሁልን ላላችሁ እናቶች ከልብ አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ታቀርበዋለች። እኔ ነካ አድርጌ ልለፈው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ፓርኩ ውስጥ ሣሩ ላይ በነፃ ትርኢት አሳይተናል። አንዱንም አልዘለልንም። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ተደምጧል። የጉራጌ፣ የወላይታ፣ የኦሮሞ፣ የጎንደር ጭፈራ ታይቷል። የሰፈሩ ልጆች ክራር መማር ጀምረዋል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ጭፈራውን ገታ አድርገን በገና አስደርድረናል።

የበገናውን ቀን ግን እንዲሁ አላልፈውም። በገና ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ሜዳ ላይ ይበተናል ብለን ፈርተን ነበር። ጭራሽ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል የጄኔሬተሩ ቤንዚን አለቀ። ባለ በገናው ያለ ድምፅ ማጉያ መደርደር ጀመረ። ከዚያ ሰዉ ሳይነገረው ቀረብ፣ ቀረብ አለ። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። የአሥሩ ጅማት ንዝረት፣ ከጅማቱ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው ላይ እየታሸ የሚወጣው ያ እምምታ፣ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ያዙ። አንድ የቀን ሠራተኛ አካፋውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ድምፅ እንዳያሰማ ብሎ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አጋደመው። እኔ ይህን ማኅበር የምወደው ለዚህ ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

በኅዳር ወር አንድ ድርጅት መጣ። ስሙን አላነሳም። የድምፅ ማጉያውንና የጄኔሬተሩን ኪራይ ዓመቱን ሙሉ እኔ ልሸፍን አለን። በምትኩ ሣሩ ዙሪያውን በገመድ ይታጠር፣ መግቢያ 100 ብር ይሁን፣ ከትኬቱም ድርሻ ይኑረኝ አለ። ሥራ አስፈጻሚው ለሁለት ተከፈለ። እንቀበል ያሉት ምክንያታቸው ተራ አይደለም። ካዝናችን ባዶ ነው። ለተጫዋቾቻችን የታክሲ ብር እንኳ ያጣንበት ቀን አለ። አንድን ባለሙያ ሁለት ሰዓት አጫውቶ በምስጋና ብቻ መሸኘት ያሳፍራል። ይህን ያሉት ሁሉ እውነታቸውን ነው።

እኔ ግን እንቢ አልኩ። ለምን እንቢ እንዳልኩ በስብሰባ ሳይሆን በየስልኩ ነው ስናወራ የከረምነው። ዛሬ በግልጽ ልናገር።

ሚያዝያ ላይ ከፓርኩ በር ቆሎ የሚሸጡት እማማ ቅርጫታቸውን አቅፈው ገቡ። አዝማሪያችን ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሰዉን ያጫውታል። እማማ ከኋላ ሆነው «ተቀበል!» አሉት። ሰው ሁሉ ዞረ። ቤይሩት ስላለች ልጃቸው ሁለት ስንኝ ሰጡት። እሱም ተቀበለ፣ ደገመው፣ በማሲንቆው አስለቀሰው። ከጎኔ የቆመ አንድ ወጣት እናቱ ጋ ሊደውል ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ። እማማ መቀነታቸውን ፈትተው 10 ብር አወጡና አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉለት። ገመድ ወጥረን 100 ብር ብንላቸው ኖሮ አይገቡም ነበር። ያ ግጥምም አይኖርም ነበር።

በእኛ ባህል ተመልካቹ የጨዋታው ግማሽ ነው። ግጥም ይሰጣል፣ ያጨበጭባል፣ ትከሻው አላስቀምጥ ሲለው ተነስቶ ይገባል። አዝማሪ በር ላይ ቆሞ ትኬት አይቆርጥም። የወደደው ይሸልመዋል። የቡሄ ልጆችም መጀመሪያ ሆያ ሆዬ ብለው ነው ሙልሙሉን የሚቀበሉት። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጣሊያን ሊወረን እየተዘጋጀ ነበር። ያኔ ሕዝቡን በምኒልክ አደባባይ እየሰበሰበ በንግግርና በዘፈን ያነቃቃው ነበር። አዳራሹ በኋላ የመጣ ነው። እኛም የዚያ አደባባይ ልጆች ነን ብዬ አምናለሁ።

ቦታ የለም የምንልበት ጊዜም አልፏል። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፈቱ። ከዚያም ወዲህ ከተማዋ ብዙ መናፈሻና የእግር መንገድ አግኝታለች። ሰዉ እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። እዚያ ዛፍ ሥር የሚጠብቀው ማሲንቆ ቢኖር ምን አለበት?

ይህን ሁሉ ብዬ ግን እናንተንም ሳልወቅስ አላልፍም። ለተመልካቹ ነፃ የሚሆነው እኛ ስንከፍልለት ነው። ከግማሽ በላይ አባል የዓመቱን መዋጮ አልከፈለም። ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት አባላችን፣ ፓርኩን ካየችው ዓመታት አልፈዋል፣ በየወሩ ሳታቋርጥ ትልካለች። ከፓርኩ ሁለት ፌርማታ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ግን ስልኬን አያነሱም።

ግንቦት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጠዋት በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ዛሬ ማን ይመጣል?» ብዬ ጽፌ ነበር። 40 ሰው አውራ ጣት ላከ። የመጣነው አራት ነን። የከበሮው ቆዳ በእርጥበቱ ላልቶ ድም ማለቱ ቀርቶ ጷ፣ ጷ ይላል። ከጀበና ቡና ሻጯ የከሰል ማንደጃ ለምነን ከበሮውን እያዟዟርን አሞቅነው። ምክትል ሊቀመንበራችን ጋሽዬ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ስፒከሩን አለበሱት። እሳቸው እየራሱ ሲቆሙ አይቼ በጣም አዘንኩ። ሰዉ ግን ዛፍ ሥር ተጠልሎ ጠበቀን። ሲያባራ ተጀመረ።

ዛሬም እዚህ ያልመጣችሁ አላችሁ። ንግግሩ እየተቀረጸ ነውና ትሰሙታላችሁ። አንተ የሳውንድ ዕቃህን ቆልፈህ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ዓመት ስፒከሩን በትከሻህ ተሸክመህ ያመጣኸው አንተ ነበርክ። በትኬቱ ነገር ተቀይመኸኝ ከሆነ ቤትህ ድረስ መጥቼ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አንቺም የእስክስታ ልጆቹን ያሠለጠንሽ እህቴ፣ ልጆቹ በየእሑዱ «መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል። መልስ አጥቼ «ትመጣለች» እላቸዋለሁ። እባክሽ አታዋሺኝ።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ገመድ አይወጠርም። በትርኢቱ መጨረሻ መሶብ ይዙር፣ የተሰበሰበው እዚያው በሰው ፊት ተቆጥሮ ሙሉ በሙሉ ለተጫዋቾቹ ይሰጥ። የኪራዩ ወጪ በእኛ መዋጮ ይሸፈን። እያንዳንዱ አባል ደግሞ በዓመት አንድ እሑድ ዕቃ ለመሸከም ስሙን አሁን፣ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ያስመዝግብ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር ጋሽዬ ሞልተውታል። ትኬት ይሁን የምትሉም ሐሳባችሁን ሳትሸማቀቁ አቅርቡ፣ ድምፅ እንሰጥበታለን፣ ጉባኤው የወሰነውን እኔም እፈጽማለሁ።

የመጀመሪያው ትርኢታችን ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ዕቃ ማውረድ በ7 ሰዓት ይጀመራል። ጉባኤው ተከፍቷል።